ባለ ስምንት ቀዳዳው ቆርቆሮ

ባለ ካፖርቱን የጠላሁት ገና ስሙን ሳልሰማ ነው። መቱ ከተማ ፊዚክስ ማስተማር ከጀመርኩ ጥቂት ዓመታት ሆኖኝ ነበር። አንድ ሰኞ ጠዋት ወደ ቤተ ሙከራው ስሄድ በሩ ተከፍቷል። መስኮቱ ሥር ያለውን ብቸኛ የማይነቃነቅ ጠረጴዛ አንድ የማላውቀው ሰው ይዞታል። በስንት ልመና ያገኘኋቸውን ሌንሶች፣ ሽቦዎቼንና ባትሪዎቼን በካርቶን ሰብስቦ ወለሉ ላይ አስቀምጧቸዋል።

«ብርሃን በደንብ የሚገባው እዚህ ጋ ብቻ ነው» አለኝ ከወንበሩ ሳይነሳ። «አንተ ወደዚያኛው ጥግ ብትሆን ምንም አትጎዳም።»

አንተ አለኝ። በእኛ አገር፣ ከጎሬ እስከ ኖፓ፣ የማያውቀውን ሰው፣ ያውም አስተማሪ፣ አንተ ብሎ የሚጀምር የለም። እኔም ከዚያን ቀን ጀምሮ «እርስዎ» እያልኩ ያዝኩት። አብረን በሠራንበት ጊዜ ሁሉ አንድ ቀን እንኳ አንተ ብዬው አላውቅም። እሱ አክብሮት መስሎት ደስ ይለው ነበር።

ካፖርቱ ጥቁር የሱፍ ካፖርት ነው። ከተማረበት ሶሻሊስት አገር ይዞት የመጣው ነው፤ የበረዶ ልብሱን የመቱ ዝናብ ሲመታው እንደ እርጥብ በግ ይሸት ነበር። ክፍል ውስጥም፣ ስብሰባ ላይም፣ ምሳ ቤትም አያወልቀውም። ተማሪዎቹ ባለ ካፖርቱ አሉት፣ እኛም ተከተልናቸው። ከእኛ ጋር እንዲያስተምር የተመደበ፣ ሁለተኛ ዲግሪ ያለው ሰው ነበር። እኔ አገር ውስጥ መማሬን ሲሰማ «ግድ የለም» አለኝ፣ እንዳጠፋ ሰው እያጽናናኝ።

ይዞት የመጣው ትምህርት ግን ቆንጆ ነበር። ይህን ዛሬም የምናገረው ሳልወድ ነው። ሰውዬው የሚያጠናው ብርሃን ቅጠል ላይ ሲያርፍ የሚያሰማውን ድምፅ ነው። አንድ ቅጠል ጠባብ የመስታወት ዕቃ ውስጥ ይታሸጋል። ከዚያ ብርሃን ይለቀቅበታል፣ ግን ቶሎ ቶሎ እየተቋረጠ፣ ብልጭ ድርግም እያለ። ብርሃኑ ሲያርፍበት ቅጠሉ በጥቂቱ ይሞቃል፣ ሲቋረጥ ይበርዳል። ዕቃው ውስጥ ያለው አየርም አብሮት ይለጠጣል፣ ይኮማተራል። የአየር እንዲህ መርገብገብ ደግሞ ድምፅ ነው። ማይክሮፎን ከተገጠመለት ይሰማል።

ቁም ነገሩ ከዚህ በኋላ ነው። በሕይወት ያለ ቅጠል ያገኘውን ብርሃን ሁሉ ሙቀት አያደርገውም፤ ከፊሉን ምግቡን ሊሠራበት ያስቀረዋል። ባስቀረው መጠን ድምፁ ይጎድላል። የጎደለውን ድምፅ የለካ ሰው ቅጠሉ ከብርሃኑ ምን ያህሉን ለራሱ እንዳዋለ ያውቃል። በዚህ ላይ ሌላ የማይቋረጥ ብርቱ ብርሃን ከጎን ቢጨመርበት ቅጠሉ ይጠግባል። የጠገበ ቅጠል ከዚያ በኋላ የሚያስቀረው ነገር ስለሌለው፣ ብልጭ ድርግም የሚለውን ብርሃን በሙሉ ሙቀት አድርጎ ይመልሰዋል። ድምፁም ከፍ ይላል።

በውጭ አገር ይህን የሚሠሩት በኤሌክትሪክ ሞተርና በውድ መብራት ነው። የመቱ መብራት የሚመጣው ማታ ማታ ነበር፣ እሱም ሲመጣ። እኛ የነበረችን ፀሐይ ናት፣ ዝናቡ ሲፈቅድ። መስኮቱ ላይ የተደገፈ መስታወት ፀሐይዋን ወደ ውስጥ ይመልሳል፣ ሌንስ ይሰበስባታል፤ ሁለተኛ መስታወት ደግሞ የማይቋረጠውን ብርቱ ብርሃን ከጎን ይጨምራል። ሌንሱ የእኔ ነበር። ብርሃኑን የሚያቋርጠው ከእርዳታ ዘይት ቆርቆሮ የተቆረጠ፣ ዳር ዳሩ ስምንት ቦታ የተበሳ ክብ ነው። ክቡን የሚያሽከረክረው ደግሞ ከቤት ባልትና ክፍል የተዋስነው የእግር ስፌት መኪና ነው። ማይክሮፎኑን ከቴፕ ሪኮርደር አውጥተን በሻማ ሰም አሸግነው፤ የድምፁን መጠን የቴፑ መርፌ ታሳያለች።

እሱ መርፌዋን ያነባል፣ እኔ ፔዳሉን እረግጣለሁ። አንድ ቀን እንቀያየር ስለው «ካፖርት ለብሶ ፔዳል አይረገጥም» አለኝ። አውልቁት ማለት አቅቶኝ መርገጤን ቀጠልኩ። ሲያልበኝ ውሎ፣ ላቤን ጠርጌ ስነሳ ውጤቱን እንኳ አያሳየኝም ነበር።

በዚያ ሰሞን የመንደር ምሥረታው ተጧጡፎ ነበር። ገበሬው ከየጎጡ ተነሥቶ በመስመር በተሠሩ ቤቶች እንዲሰፍር ታዟል። ቤት እንጨት ይፈልጋል፣ የመንደሩ ጽሕፈት ቤት ደግሞ በርና መስኮት ይፈልጋል። አክስቴ፣ የእናቴ ታላቅ እህት፣ ከመቱ ወደ ኖፓ በሚወስደው መንገድ ዳር ቡና ነበራት። ባሏ ከሞተ ወዲህ የምትኖረው በዚያው ነው። እኔ እትዬ ነው የምላት። ቡናዋ ላይ ጥላ ጥለው የቆሙት ትልልቅ ዋንዛዎች ናቸው፣ ሁለት ሰው ተያይዞ የማያቅፋቸው። ከዋንዛ የተሻለ የበር እንጨት የለም፤ የመንደር ምሥረታው ኮሚቴም ይህን ያውቃል። መኪና የሚቆምበት መንገድ ዳር መሆናቸው ደግሞ ጭራሽ አስጎመጀው።

አንድ እንቅፋት ብቻ ነበረባቸው። የቡና ጥላ ያለ ባለሙያ ቃል እንዳይቆረጥ የሚል መመሪያ ነበር። በኢሉባቦር ቡና ጥላ እንደሚወድ የማያውቅ ሕፃን የለም። የኮሚቴው ሊቀመንበር ራሱ የዚያው አገር፣ የኡካ ልጅ ነው፣ ቡና ሥር ዳዴ እያለ ያደገ። እሱ የፈለገው ዕውቀት አልነበረም፤ ማኅተም የሚመታበት ምክንያት ነበር። ትምህርት ቤታችን ድረስ መጥቶ፣ የስፌት መኪናውንና ቆርቆሮውን ዞሮ ካየ በኋላ፣ «ይህ ነገር ቡና ፀሐይ መውደድ አለመውደዱን ሊነግረን ይችላል?» ብሎ ባለ ካፖርቱን ጠየቀው። «ሊለካ ይችላል» አለ ባለ ካፖርቱ።

ለካን። እኔ ረገጥኩ፣ እሱ አነበበ። በማግሥቱ አጭር ሪፖርት ጻፈ። ኃይለኛ ብርሃን ሲጨመር ከቡናው ቅጠል የሚወጣው ድምፅ ቀንሷል ይላል። በዚህ ዘዴ የድምፅ መቀነስ ብዙውን ጊዜ ቅጠሉ ብርሃን ማስቀረቱን ያሳያል ይላል። ሌላ የለውም። ሊቀመንበሩ የቀረውን ራሱ ሞላው። ቡና ፀሐይ በበዛለት መጠን ይሠራል፣ ጥላ ኋላ ቀር ልማድ ነው ብሎ በስብሰባ ላይ አነበበው፤ የሚቆረጡት ዛፎች የማን የማን እንደሆኑም ተነገረ። ባለ ካፖርቱ ፊት ለፊት ተቀምጦ ይሰማ ነበር። አላረመውም።

እትዬ በማግሥቱ ትምህርት ቤት መጣች። ከግቢው በር አልፋ አታውቅም ነበር። ነጠላዋን አጣፍታ፣ የቤተ ሙከራው ደጃፍ ላይ ቆማ ስፌት መኪናውን አየችው።

«በዚህ ነው ዋዴሳዎቼን የፈረዱባቸው?» አለችኝ። ዋንዛን ዋዴሳ ነው የምትለው፣ በኦሮምኛው።

«ገና አልተቆረጡም፣ እትዬ።»

«ያ ኢልማ ኮ፣ ልጄ፣ አንተም ነበርክበት አሉኝ።»

ፔዳሉን የረገጥኩት እኔ ነኝ ልላት አልቻልኩም። ደሜ ፈልቶ ነበር፤ በእሷ አይደለም፣ በዚያ መርፌዋን ለብቻው ሲያነብ በከረመው ሰውዬ። ዛፎቹን ማንም እንደማይነካቸው ነገርኳትና ሸኘኋት። ከዚያ ቁጭ ብዬ ማሰብ ጀመርኩ። የሆነ ቦታ ስህተት አለ። ስህተቱን ካገኘሁ ዛፎቹ ይድናሉ፤ ሰውዬውም በሰው ፊት ያፍራል። የትኛውን የበለጠ እንደፈለግሁ አልመረመርኩም።

ባለ ካፖርቱ ለስብሰባ ጎሬ የሄደ ዕለት ቤተ ሙከራውን ለብቻዬ አገኘሁት። መጀመሪያ ትኩስ የቡና ቅጠል አሽጌ ለካሁ። ከዚያ ያንኑ ቅጠል በፈላ ውሃ ነክሬ፣ አድርቄ፣ እንደገና ለካሁ። የተቀቀለ ቅጠል ሞቷል፤ ምግብ አይሠራም፣ ብርሃን አያስቀርም። ስለዚህ ከሕያው ቅጠል ይልቅ መጮህ ያለበት እሱ ነው። መርፌዋ ግን ተቃራኒውን አሳየችኝ። የጮኸው ሕያው ቅጠል ነው። ደጋገምኩት፣ ያው ነው። ከብርሃኑ ከፊሉን የሚያስቀር ቅጠል፣ ምንም ከማያስቀር ቅጠል የበለጠ ሙቀት ከየት ያመጣል?

ከየትም አያመጣም። ሌላ ድምፅ ተጨምሮበታል ማለት ነው። ቅጠል ምግቡን ሲሠራ ኦክስጅን ወደ ውጭ ይተነፍሳል። ብርሃኑ ብልጭ ባለ ቁጥር ቅጠሉ እፍ ይላል፤ ይህ እፍታ አየሩን ስለሚገፋ እሱም ድምፅ ነው። መርፌዋ የምትቆጥረው ሙቀቱንና እስትንፋሱን ደምራ ነበር። ብርቱ ብርሃን ሲጨመርበት ቅጠሉ ያለማቋረጥ ስለሚተነፍስ እፍታው ከብልጭታው ጋር መሄዱን ያቆማል፣ ድምፁም ይወርዳል። የወረደው ቅጠሉ ብርሃን ስላስቀረ አይደለም። ቡናው ጠግቦ ነው።

መፍትሔው ቀላል ነበር። ኦክስጅን ከቅጠሉ ውስጥ ሾልኮ ለመውጣት ጊዜ ይወስድበታል፣ ሙቀት ግን ፈጣን ነው። ብልጭታው በጣም ከፈጠነ እፍታው ሊከተለው አይችልም፤ የሙቀቱ ድምፅ ለብቻው ይቀራል። ስፌት መኪናውን ከዚህ በላይ ማፍጠን የእኔ እግር አይችልም። ቀዳዳውን ማብዛት ግን ይቻላል። ሌላ የዘይት ቆርቆሮ ቆርጬ፣ በምስማርና በመዶሻ አርባ ቀዳዳ በሳሁበት። ጣቴን ሁለት ቦታ መታሁት። ብርቱውን ብርሃን ስጨምር መርፌዋ ወደ ላይ ወጣች። ለብቻዬ ሳቅሁ፣ ክፉ ሳቅ።

ሊቀመንበሩ ጋ ሄጄ ሙከራው በፊቱ ይደገም አልኩት። ይከለክለኛል ብዬ ነበር። እሱ ግን ነገሩ ጣመው። «ሂስ ጥሩ ነው» አለ። «ሁለት የተማረ ሰው ሲጣላ ማየት ደግሞ ከሁሉ ይበልጣል።»

የተቀጠረው ቀን ፀሐይዋ ንጹሕ ነበረች። ሊቀመንበሩ ከሁለት የኮሚቴ አባላት ጋር መጣ። የትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር ወንበር አስመጣላቸው። እትዬም መጣች፤ ዳር ላይ የተማሪ ወንበር ተሰጣት። ባለ ካፖርቱ መርፌዋ ፊት ሄዶ ተቀመጠ፣ እኔም ፔዳሉ ላይ። እንደ ሁልጊዜው ማለት ነው።

በስምንቱ ቀዳዳ ጀመርን። ብርቱው ብርሃን ሲጨመር «ወረደ» አለ ባለ ካፖርቱ ጮክ ብሎ። ክቡን ቀየርኩ። ባለ አርባውን ሳሽከረክር ስፌት መኪናው እንደ ተናደደ ንብ ጮኸ። ሁለተኛውን መስታወት አዞርኩና ብርቱውን ብርሃን ጨመርኩ።

«ወጣ» አለ ባለ ካፖርቱ።

ለመዋሸት አልሞከረም። እንደሚዋሽ እርግጠኛ ስለነበርኩ፣ ሊቀመንበሩ መርፌዋን ቀርቦ እንዲያይ አስቀድሜ ወንበሩን አስጠግቼለት ነበር። አላስፈለገም። ተነሥቼ አስረዳሁ። ስለ ሙቀቱ፣ ስለ እስትንፋሱ፣ የመጀመሪያው ክብ ሁለቱን እንዴት እንደቀላቀለ፣ ቡና ብርቱ ፀሐይ ውስጥ ጠግቦ ብርሃኑን በከንቱ ሙቀት አድርጎ እንደሚጥለው ተናገርኩ። ጥሩ አድርጌ ያስረዳሁ መሰለኝ። እትዬ ሁሉንም ባትከተልም ፊቴን እያየች ራሷን ትነቀንቅ ነበር።

ሊቀመንበሩ ወደ ባለ ካፖርቱ ዞረ። «ጓድ መምህር፣ ሁለተኛ ዲግሪ ያለህ አንተ ነህ። የትኛው ነው ትክክለኛው ልኬት?»

ባለ ካፖርቱ «ሁለቱም ልኬቶች ትክክል ናቸው» አለ።

«ማለት፣ በስምንት ቀዳዳ ሲጠየቅ ቁረጡ ይላል፣ በአርባ ሲጠየቅ አትቁረጡ ይላል?» አለ ሊቀመንበሩ።

የኮሚቴው አባላት ሳቁ። ዳይሬክተሩም ተከትሎ ሳቀ፣ ከአንገት በላይ።

«ሁለቱ የሚለኩት የተለያየ ነገር ነው» አልኩ። ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር። «እርስዎ ይንገሯቸው። የመጀመሪያው የቅጠሉ እስትንፋስ ገብቶበታል ይበሏቸው። ከእኔ ይልቅ የሚሰሙት እርስዎን ነው።»

ባለ ካፖርቱ የካፖርቱን ቁልፍ ይቆልፍ ነበር። ቀና ብሎ አላየኝም። ሊቀመንበሩ ከወንበሩ ተነሣ፣ ሱሪውን አራገፈ። «እንግዲህ ሳይንሱ እኩል ለእኩል ከወጣ» አለ፣ «ውሳኔው የአብዮቱ ነው።» ይህን ብሎ ወጣ። ሲወጣ ስፌት መኪናውን መታ መታ አደረገው፣ ፈረስ እንደሚያመሰግን ሰው።

ባለ ካፖርቱን ግቢው ውስጥ ደረስኩበት። ልመታው ነበር የሄድኩት፣ አልደብቅም።

«ለምን ዝም አሉ?»

«የተጠየቅሁትን መለስኩ።»

«ከመጀመሪያው ያውቁ ነበር?»

ቆመና ለመጀመሪያ ጊዜ ፊት ለፊት አየኝ። «መሳቢያዬ ውስጥ ባለ ስልሳ ቀዳዳ ቆርቆሮ አለ» አለኝ። «ካንተው ይበልጥ ክብ ነው፣ ቀዳዳዎቹም እኩል ናቸው። ስምንቱን የተጠቀምኩት ለመብሳት ሰንፌ መሰለህ?» ድምፁ አልተለወጠም። «ሊቀመንበሩ ሲጠይቀኝ አንተ ወደ ፔዳልህ ታይ ነበር፣ እኔ ዓይኑን አይ ነበር። አንተን ቢያባርሩህ እዚሁ አገርህ ዘመድ አለህ። እኔን የላከኝም የመለሰኝም መንግሥት ነው። የምሄድበት የለኝም። ስለዚህ ዋሽቼም አላውቅም፣ ተጋፍቼም አላውቅም። አንድ የሐሰት ቃል ጽፌ ከሆነ አሳየኝ።»

የሐሰት ቃል አልነበረበትም። ሪፖርቱን ስንት ጊዜ አንብቤዋለሁ። «ብዙውን ጊዜ» የምትል ሁለት ቃል ሰክቶ፣ ከዚያች ኋላ ተደብቆ ነበር። ፍርሃቱ ገባኝ። በዚያ ዘመን የማይፈራ አልነበረም፣ እኔም እፈራ ነበር። ግን አላዘንኩለትም፣ ዛሬም አላዝንለትም። ሳያውቅ ያጠፋ ደደብ ነው ብዬ ስጠላው የነበረው ጥላቻ ልጅነት ነበር። የእውነት የጠላሁት ከዚያ ሰዓት ጀምሮ ነው፣ አውቆ፣ ለክቶ፣ ትክክለኛውን ክብ መሳቢያ ውስጥ ቆልፎ መቀመጡን ስሰማ።

ዋንዛዎቹ በበጋው ተቆረጡ። ጫኚዎቹ ለመንገዱ ብለው ከቡናውም የጨፈለቁትን ጨፈለቁ። የቀረው ቡና መጀመሪያ ምንም የሆነ አይመስልም ነበር። ፀሐይዋ እየበረታች ስትሄድ ቅጠሉ ነጣ፣ ከዚያ ዳር ዳሩ እንደ ተለበለበ ሆኖ ተኮማተረ። ከመቱ በእግሬ ሄጄ ሳየው፣ ያ በቀትር እንኳ ጨለምለም ይል የነበረ ቦታ ሜዳ ሆኗል። እትዬ አንዱ ጉቶ ላይ ተቀምጣ ነበር። ቅጠል ቆርጬ አገላብጬ አየሁት፣ ከልማድ። የምለካው ነገር አልነበረም።

«ያ ካፖርት የለበሰው ሰውዬ» አለችኝ። «ዋሸ?»

ይህን ጥያቄ ይዛ ስትጠብቀኝ እንደከረመች ያስታውቅ ነበር።

«አልዋሸም፣ እትዬ።»

«አንተስ?»

«እኔም አልዋሸሁም።»

በእጇ የጉቶውን ቅርፊት ትልጥ ነበር። «ታዲያ ሁለታችሁም እውነት እየተናገራችሁ ነው ዛፎቼ የወደቁት?»

ላስረዳት ጀመርኩ። ሁለት ድምፅ አለ፣ አንዱ በአንዱ ተሸፍኖ አልኩ። ሰውዬው የተጠየቀውን ብቻ መለሰ፣ ያልተጠየቀውን ግን ዋጠ አልኩ። እሷ ቡናውን ታይ ነበር። የማስረዳው ሁሉ ልክ ነበር፣ አንዱም ግን ለእሷ የሚሆን አልነበረም። ሊቀመንበሩን ትርገም እንዳልል፣ እሱን መርገም በዚያ ጊዜ አንገት ያስጠይቃል። እኔን ደግሞ አትረግምም። የቀራት ያ ሰውዬ ብቻ ነበር፣ እሱንም አልዋሸም ብዬ ከእጇ ወስጄባታለሁ።

«ማሎ» አለችኝ፣ እየለመነችኝ። «ዋሽቷል በለኝ።»

«ዋሽቷል» አልኳት።

ነጠላዋን ከራሷ ላይ አወረደች፣ ፊቷን ወደ ፀሐይዋ አዞረች፣ እና ጀመረች። ልጅ አይውጣለት አለች፣ ጥላ አይኑረው አለች፣ የሚያርፍበት ይጣ አለች። እኔም አጠገቧ መሬት ላይ ተቀምጬ፣ አንዱንም ሳላልፍ፣ አሜን እያልኩ ዋልኩ።